የብሳና ውኃ መብራት ጠባቂ

ይታይሽ የመብራት ጠባቂ የሆነችው ፈልጋ አይደለም። በ2005 ዓ.ም. ከአዲስ ቅዳም በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ወደምትርቀው ወደ ብሳና ውኃ ጎጥ የመጡት የድርጅት ሰዎች የፀሐይ ሰሌዳዎቹን ተክለው፣ ሽቦውን በየቤቱ ከዘረጉ በኋላ ሕዝቡን ሰበሰቡና «እኛ እንሄዳለን፤ ንብረቱ የእናንተ ነው። ኮሚቴ አቋቁሙ፤ ማሽኑን የሚንከባከብም ሰው ምረጡ። ማንበብና መጻፍ የምትችል ሴት ብትሆን ደስ ይለናል» አሉ። በስብሰባው ከነበሩት ሴቶች ስምንተኛ ክፍል የደረሰች እሷ ብቻ ነበረች። ሽማግሌዎቹ ደግሞ በሆዳቸው ሌላም ነገር አሰቡ። ጎረምሳ ቢመርጡ ሥልጠናውን ወስዶ ባሕር ዳር ይገባል። ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጇን የዳረች፣ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እየቆረጠች ከሰል የምታከስል ሴት ግን ወዴትም አትሄድም።

ባሏ ዓለምነው መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ታሞ በቃሬዛ የተመለሰ ሰው ነበር። ከመጣ በኋላ አንድ ወር አልቆየም። በዚያ ዓመት ልጇ በቀለች የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ በሬ አልነበራቸውም፤ መሬቱ ጦም ሊያድር ነው ሲባል የጎጡ ሰው አያ ደጉ የገዛ በሬዎቹን ጠምዶ መጣና አረሰላት። አንድ ዓመት ብቻ አይደለም፣ አራት ዓመት። ምንም አልጠየቃትም። ይታይሽ ይህን ለማንም አውርታ አታውቅም፤ ግን የአያ ደጉ ቤት ሰርግ ወይም ሐዘን ሲሆን ቀድማ የምትደርሰውና መጨረሻ የምትወጣው እሷ ነበረች።

ለሥልጠና እንጅባራ ሦስት ሳምንት ተቀመጠች። አሠልጣኙ ረጋ ያለ ሰው ነበር፤ ነገሩን ሁሉ በገበሬ ምሳሌ ያስረዳል። «ባትሪ እንደ በሬ ነው» ይላቸው ነበር። «ከአቅሙ በላይ ካረሳችሁበት ይወድቃል። አንዴ ከወደቀ፣ ቢነሣም የድሮው በሬ አይሆንም።» ይታይሽ ይህን በደብተሯ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፈችው።

ሥራው ከባድ አልነበረም፤ ግን ቀን አይዘለልም። ከጤና ኬላው አጠገብ በተሠራች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሃያ አራት ባትሪዎች ተደርድረዋል። ሰሌዳዎቹን ትወለውላለች፣ ባትሪዎቹን የተጣራ ውሃ ትሞላለች፣ ባትሪዎቹ ከመቶ ስንት ጉልበት እንደቀራቸው በማሽኑ መስታወት ላይ የሚያሳየውን ቁጥር ጧትና ማታ ትጽፋለች። ግድግዳው ላይ ሁለት ማብሪያዎች አሉ። አንዱ የስልሳ ሦስቱ ቤቶች ነው፤ ሌላው የትምህርት ቤቱና የጤና ኬላው። ስልሳ ሦስቱም አባወራዎች የፈረሙበት መተዳደሪያ ደንብ ቁጥሩ ከአርባ በታች ሲወርድ የቤቶቹ ማብሪያ እንዲጠፋ ያዝዛል። የቀረው ጉልበት የሕፃናት ክትባት ለተቀመጠበት የጤና ኬላው ማቀዝቀዣ ነው።

በበጋ ይህ ደንብ ትዝ የሚለው ሰው አልነበረም። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ቁጥሩ ከሰማንያ አይወርድም፣ ይታይሽንም መንገድ ላይ የሚያገኛት ሁሉ ይመርቃታል። ክረምት ሲገባ ግን የዚያ አገር ጉም ከኮረብታው ወርዶ ሳምንት ሙሉ መሬት ላይ ይተኛል። ያኔ ማጥፋት ግድ ነው። ስታጠፋም ምርቃቱ ይቀራል። «ቁልፍ ቢሰጧት ንግሥት የሆነች መሰላት» ያለቻት ጎረቤት ነበረች። ይታይሽ ሰምታ እንዳልሰማች አለፈች። ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ፤ ማቀዝቀዣው ግን አንድም ቀን ሙቀት አልገባውም።

ሦስተኛው ክረምት የ2007 ዓ.ም. ነበር። ነሐሴ 26 ቀን ጧት ሰሌዳዎቹን ስትወለውል አያ ደጉ ጋቢውን ተከናንቦ፣ በጭቃው ላይ በዱላው እየተደገፈ መጣ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር እሱ ነው፤ ሰሌዳዎቹ የቆሙበትን መሬት ከራሱ ግጦሽ ቆርሶ የሰጠውም እሱ ነው።

«እንዴት አደርሽ ይታይሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎ እንዴት አደሩ፣ አያ ደጉ?»

«ደህና። የእናቴ የሙት ዓመት ተዝካር ከነገ ወዲያ ነው።»

«አውቃለሁ። ነገ ጧት ለእገዛ እመጣለሁ።»

«ለእገዛው አይደለም የመጣሁት።» ዱላውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። «ከዳንግላም ከጥሊሊም ዘመድ ይመጣል። ዝናቡን እያየሽው ነው፤ ዳሱ ውስጥ ጨለማ ነው። ሰባኪም ተጠርቷል፣ ሞንታርቦ ይዞ ነው የሚመጣው። ለሦስት ቀን መብራቱ እንዳይጠፋ ፈልጌ ነው።»

«ቁጥሩ አርባ ሁለት ደርሷል። ዛሬ ማታ ማጥፋቴ ነው።»

«ይገባኛል።»

«የክትባቱ ነገር…»

«ይገባኛል አልኩሽ። የእናቴን ተዝካር ግን አንድ ጊዜ ነው የማወጣው። ለኮሚቴው ነግሬያለሁ፤ ከሰዓት እንገናኛለን።»

ከሰዓት ሰባቱ የኮሚቴ አባላት በትምህርት ቤቱ ክፍል ተቀመጡ። ይታይሽ ቁጥሩን ተናገረች፣ ደንቡን አነበበች። ከዚያ አንዱ «ሦስት ቀን ነው፤ ነገ ፀሐይ ይወጣ ይሆናል» አለ። አምስት እጅ ወጣ። ሁለቱ አንገታቸውን ደፉ እንጂ አልተቃወሙም። ደንቡ እንዲህ ያለውን ነገር ኮሚቴው በእጅ ብልጫ ሊሽረው እንደማይችል ይናገራል፤ ይታይሽ ያንን መስመር አላነበበችውም። የማሽኑ ክፍል ቁልፍ በአንገቷ ላይ በክር ታስሮ ነበር። እምቢ ብላ ብትሄድ ማንም አይነጥቃትም። ግን አያ ደጉ ከፊት ለፊቷ ተቀምጧል፤ እሷም በዓይነ ሕሊናዋ የምታየው በጭቃ ውስጥ ማረሻ የሚጎትቱትን እነዚያን በሬዎች ነበር።

ማብሪያውን አላጠፋችውም።

ተዝካሩ የሰው ባሕር ሆነ። ሰባኪው ስለ ሙታን ምሕረት ሰበከ፣ ድምፁ እስከ ወንዙ ማዶ ተሰማ። ይታይሽ ወጥ ስታወጣ ከዳሱ ጓሮ በኩል ዳንግላ የሚኖረው የአያ ደጉ ልጅ ሁለት የኤሌክትሪክ ምድጃ ሰክቶ አየች፤ እንጨቱ ርሶ እምቢ ብሏቸዋል። ሽቦውን ከቤቱ መስመር ሳይሆን ከዋናው ነበር የጠለፈው። ጭልፋዋን አስቀምጣ ወደ እሱ ሄደች።

«ይኼ አይቻልም፣ ልጄ። ንቀለው።»

«ለአንድ ሰዓት ነው እትዬ ይታይሽ። እንግዳ ቀዝቃዛ ይብላ?»

እንግዶቹ ወደ እሷ ዞረው ያዩ ነበር። በሐዘን ቤት ጭቅጭቅ ነውር ነው። ተመልሳ ጭልፋዋን አነሣች።

በተዝካሩ ሦስተኛ ቀን፣ ቅዳሜ ጧት፣ ቁጥሩን ለመጻፍ ስትሄድ መስታወቱ ባዶ ነበር። ማሽኑ ራሱን ዘግቷል። የቤቶቹን ማብሪያ አጠፋች፣ የጤና ኬላውን አጥፍታ መልሳ አበራች፤ ምንም የለም። ዝናቡ ያካፋል። ጨርቅ ይዛ ወጣችና ደመና በሸፈነው ሰማይ ሥር ሰሌዳዎቹን አንድ በአንድ ወለወለች። የጤና ኬላው በር ተቆልፏል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሀይማኖት ለስብሰባ እንጅባራ ከሄደች አራት ቀኗ ነው። ኔትወርክ የሚገኘው ከኮረብታው አናት ላይ ነው። ይታይሽ ወጣች። የሀይማኖትን ቁጥር አውጥታ ያዘች። ብትደውል «በረዶ ይዤ መጣሁ» ትላታለች፤ ግን «ምን ሆኖ ጠፋ?» ማለቷም አይቀርም። ነገ እሑድ ነው፣ ሰማዩ ይከፈት ይሆናል ብላ ስልኩን መልሳ በቀሚሷ ኪስ ከተተችው። ከዚያ በኋላ በሕይወቷ ስለሠራችው ስሕተት ስታስብ፣ ከማብሪያው ይልቅ ይህ ከኮረብታው የወረደችው ቁልቁለት ነው የሚመጣባት።

ሀይማኖት ሰኞ ተመለሰች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ የጥሊሊ ልጅ፣ ቀልደኛ። ማቀዝቀዣውን ከፍታ የሙቀት መለኪያውን ስታይ ቀልዱ ከፊቷ ጠፋ። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው።

«መቼ ነው የጠፋው፣ እትዬ ይታይሽ?»

«ቅዳሜ።»

«ሁሉም ተበላሽቷል። አንዱንም ለልጅ አልሰጥም።» ቀጥላም «ምክንያቱን ለወረዳ መጻፍ አለብኝ። ምንድን ነው?» አለች።

አያ ደጉ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ዝናቡ ነዋ» አለ። «ይኼን የመሰለ ክረምት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ሀይማኖት ዓይኗን ከይታይሽ አላነሣችም። «ዝናብ ብቻ ነው?»

«ዝናብ ነው» አለች ይታይሽ።

ቃለ ጉባኤው «በዝናብ ምክንያት» ተብሎ ተጻፈ። ኮሚቴው ፈረመ፣ ጠባቂዋም ፈረመች። ያች አንዲት መስመር ምን ይዛ እንደምትመጣ ያኔ የገመተ አልነበረም። ወረዳው «መሣሪያው ክረምት ካልቻለ አይታመንም፤ ባለሙያ መጥቶ ሳያየው ክትባት አይላክም» የሚል መልስ ሰጠ። እውነቱ ተጽፎ ቢሆን የሚመጣው አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነበር፤ ክትባቱም በመስከረም ይመለስ ነበር። መስከረም ጠባ፣ ሰማዩ ጠራ፣ ባትሪዎቹ እንደ ምንም ተነሡ። ማቀዝቀዣው በደንብ ይቀዘቅዛል፤ ባዶውን ነው የሚቀዘቅዘው። ባለሙያው በጥቅምት ይመጣል ተባለ፣ ከዚያ በኅዳር፣ ከዚያ ከጥምቀት በኋላ።

በቀለች በየካቲት 2007 የወለደቻት ልጅ ምሕረቴ ትባላለች። ለይታይሽ የመጀመሪያ የልጅ ልጇ ናት። ኅዳር ላይ ዘጠኝ ወር ሲሞላት በቀለች ለኩፍኝ ክትባት ወደ ጤና ኬላው ይዛት መጣች። «የለም፣ በሚቀጥለው ወር ሞክሪ» አለቻት ሀይማኖት። በታኅሣሥ ሞከረች፤ የለም። «አዲስ ቅዳም ጤና ጣቢያ ይሻልሻል» ስትባል ልጇን አዝላ በንጋት ተነሥታ ሄደች። እዚያ ደግሞ ቀኑ አልነበረም። የመጡት ሕፃናት ሦስት ናቸው፤ ልጆቹ ካልበዙ ጠርሙሱ አይከፈትም፣ ከተከፈተ የተረፈው ይደፋል። «ማክሰኞ ተመለሺ» ተባለች። ማክሰኞ አጨዳ ነበር።

ማታ ለእናቷ ይህን ስታወራ እግሯን በሙቅ ውሃ እያሸች ነበር። «እማ፣ ያንቺ መሣሪያ እኮ ዝናብ ነው ያበላሸው፤ አሁን በጋ ነው። ለምን አያመጡልንም?»

ይታይሽ «ባለሙያ ይመጣል ብለዋል» አለች። ምሕረቴ በጭኗ ላይ ተቀምጣ የአንገቷን ቁልፍ ትጎትት ነበር።

ኩፍኝ በጥር መጣ። መጀመሪያ ከወንዙ ማዶ አንድ ቤት፣ ቀጥሎ ሦስት፣ ከዚያ መቁጠር ቀረ። ምሕረቴ በጥር መጨረሻ ሳምንት ትኩሳት ያዛት። ዓይኗ ቀላ፣ ሽፍታው ከጆሮዋ ጀርባ ተነሥቶ ፊቷን ለበሰ። ሽማግሌዎች «አታውጧት፣ ነፋስ ይመታታል» አሉ፤ ሁለት ቀን በዚያ ባከነ። በሦስተኛው ቀን አተነፋፈሷ ተለወጠ፤ የጎድን አጥንቷ ሥር ገባ ወጣ ይላል። አባቷ እንየው ተሸክሟት፣ በቀለችና ይታይሽ ከኋላ እየተከተሉ ወደ አዲስ ቅዳም ገሰገሱ። ጤና ጣቢያው ደረሱ። ኦክስጅን ተደረገላት፣ መርፌም ተወጋች። አንድ ቀን ቆየች። በማግስቱ ጀምበር ሳትጠልቅ አረፈች። አሥራ አንድ ወሯ ነበር። በዚያ ወር ከጎጡ ሌሎች ሁለት ሕፃናትም ተቀብረዋል።

ባለሙያው በየካቲት አጋማሽ መጣ። ኮሚቴው፣ ሀይማኖት፣ እንዲሁም ነገሩን ሊሰማ የፈለገ ሰው ሁሉ በቆርቆሮዋ ክፍል ደጃፍ ተሰበሰበ። እንየውም ነበር፣ ፀጉሩን ለሐዘን እንደተላጨ። ባለሙያው ማሽኑን በሽቦ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ ብዙ ቆየ።

«ይኼ ማሽን የወጣውን ኃይል ሁሉ በቀኑ ይመዘግባል» አለ በመጨረሻ። «በክረምት የሚገባው ያንሳል፣ እርግጥ ነው፤ ያለፉት ሁለት ክረምቶችም እንዲሁ ነበሩ፣ ምንም አልሆነም። ነሐሴ 28 እና 29 ግን ከመደበኛው አራት እጥፍ ወጥቷል። ዝናብ አይደለም የጣለው። የቤቶቹ መስመር ለምን አልተዘጋም? ጠባቂዋ ማን ናት?»

ይታይሽ ቆመች። በሩን ያዘች። እጅ ያወጡት አምስቱ ሰዎች እዚያው ናቸው። አያ ደጉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መሬቱን በዱላው ይጭራል።

«እኔ ነኝ» አለች። «ማጥፋት ነበረብኝ፤ አላጠፋሁትም። ዝናብ ነው ብዬ የፈረምኩትም እኔ ነኝ።»

የአያ ደጉን ስም አልጠራችም። አንድ ሰው ተነሥቶ «እጅ አውጥተን ነው ያስገደድናት» እንዲል ጠበቀች። ረጅም ጊዜ የጠበቀች መሰላት። ባለሙያው እስክሪብቶውን ይዞ ዞር ዞር ብሎ ተመለከተ። ማንም አልተነሣም። አያ ደጉ ጋቢውን ወደ አፉ ሳበ። ባለሙያው ጻፈ።

እንየው ተነሥቶ ሄደ።

በማግስቱ በቀለች መጣች። አልገባችም፤ ደጃፉ ላይ ቆመች። እናቷ «ግቢ» አለቻት።

«እዚሁ ይበቃኛል። እንየው የነገረኝ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ኅዳር ላይ ታውቂ ነበር? ታኅሣሥ ላይ፣ አዲስ ቅዳም ደርሼ ስመለስ?»

«አውቅ ነበር።»

«እግሬን ሳሽ ቁጭ ብለሽ ታዪኝ ነበር እኮ።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «አንድ ቃል ብትነግሪኝ እንጅባራም ቢሆን ተሸክሜያት እሄድ ነበር።»

ይታይሽ በአማርኛ የጀመረችውን ትታ በአገውኛ፣ በእናትና ልጅ ቋንቋቸው ልጇን በስሟ ጠራቻት። በቀለች ፊቷን አዙራ ወረደች።

ከሪፖርቱ በኋላ ክትባቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመለሰ። ይታይሽ ከጠባቂነቷ ተነሣች፤ ቁልፉን ያስረከበችው ለአያ ደጉ ነበር። «ይታይሽ…» አለ። እሷ ግን ሳትጠብቀው ሄደች። ሌሎቹ ሰዎች ይርቋት ጀመር። ነገሩን አምጥታ በወረዳ ፊት በማፍሰሷ ነው የተቀየሟት የሚሉ ነበሩ፣ በልጆቹ ሞት ነው የሚሉም ነበሩ። አያ ደጉ ከዓመት በኋላ ሞተ። ይታይሽ ቀብሩ ላይ ነበረች፣ መጨረሻም ወጣች።

ባትሪዎቹ አሠልጣኙ እንዳለው ሆኑ። አዲሱ ጠባቂ ሰው ማስቀየም አይወድም ነበር፤ ሲለመን ማብሪያውን ያበራል። በ2009 ክረምት ባትሪዎቹ ሙሉ በሙሉ ወደቁ። ድርጅቱ ውሉን ጨርሶ ከሄደ ቆይቷል። የመንግሥት መስመር ይመጣል ተብሎ ስለተወራ አዲስ ባትሪ እንግዛ የሚል ሰው ጠፋ። አንድ ቀን ሰሌዳዎቹ ከብረታቸው ተፈተው በየጣሪያው ላይ ታዩ፤ የቀደመ ወሰደ። ማቀዝቀዣው አሁን የጤና ኬላው የካርድ ማስቀመጫ ነው።

ሀይማኖት ከዚያ በኋላ ክትባቱን በወር አንድ ጊዜ በበረዶ ሳጥን ከአዲስ ቅዳም ማስመጣት ነበረባት። የሚሸከም ሰው ፈለገች፤ አንድ ሁለት ጊዜ የሄዱት ደግመው አልሄዱም። ይታይሽ ሳትጠራ መጣች። «እኔ አመጣዋለሁ» አለች። ሀይማኖት አሰበች፣ አመነታችም። ከዚያ ሳጥኑን ሰጠቻት። ይታይሽ በንጋት ትሄዳለች፤ ሳጥኑን እንደ ሕፃን በነጠላ ታዝላለች፤ መንገድ ላይ አታርፍም፣ ፀሐይ እንዳያገኘው ጥላውን መርጣ ትራመዳለች። ከሰል የለመደ ጀርባ ነው፣ ግን ይህ ሸክም ከከሰል ይልቅ ያስጎነብሳት ነበር።

በ2011 በግንቦት ወር የክትባት ቀን እናቶች በጤና ኬላው ግድግዳ ሥር ተሰልፈው ነበር። ይታይሽ ሳጥኑን አውርዳ በር ላይ ቆማለች። በቀለች በሰልፉ ሰባተኛ ናት፤ የዘጠኝ ወር ወንድ ልጅ ታቅፋለች። ይታይሽ ያን ልጅ ከሩቅ እንጂ በቅርብ አይታው አታውቅም። ከሦስት ዓመት በላይ እናትና ልጅ ቃል አልተለዋወጡም።

ተራዋ ሲደርስ በቀለች ከመግባቷ በፊት ቆመች። የምታየው ሳጥኑን ነው።

«በረዶው ሳይቀልጥ ነው የደረሰው?»

ይታይሽ አንገቷን ቀና አደረገች። «አልቀለጠም። ከፍተሽ እይው።»

በቀለች ልጁን በአንድ እጇ ደግፋ ጎንበስ አለች፣ ክዳኑን አነሣች፣ እጇን ውስጥ ሰደደች። ቆየች። ጣቶቿን ስታወጣ ቀልተው ነበር። በቀሚሷ ጠረገቻቸውና ክዳኑን በደንብ ገጥማ ወደ ውስጥ ገባች። ጥቂት ቆይቶ የልጁ ልቅሶ ተሰማ። ከዚያ በሌላኛው በር ወጥተው ሄዱ።

ይታይሽ ሰልፉ እስኪያልቅ ጠበቀች። ያልተከፈቱት ጠርሙሶች በረዶው ሳያልቅ አዲስ ቅዳም መመለስ ስላለባቸው ሳጥኑን አዝላ መንገድ ገባች።